የሠራተኛ እጅ አማና ነው



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፤ ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። እሾህ ወይም ድንጋይ ከመንገድ አንስቶ ዳር የሚያደርግ ሰው ሰደቃ እንደሰጠ ይታሰብለታል። ይህ ትምህርት ሰፊ ነው። ሰው ገና ሳይሰናከል፣ ገና ሳይደማ፣ አደጋው ካለበት ቦታ እንዲነሳ ያዛል። የወደቀን ሰው መደገፍ ትልቅ አጅር አለው፤ ዲናችን ግን ከዚያ ቀድሞ የሚጥለውን ነገር እንድናነሳ ይፈልጋል።

ዛሬ ስለ አንድ የተለየ መንገድ ላወጋችሁ እፈልጋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ሰው አይሄድበትም፤ የሚሄድበት ቆሻሻ ነው። ከወፍራም ጎማ ተሠርቶ በሞተር እየተጎተተ ቀንና ሌሊት ይሽከረከራል። ስሙ ኮንቬየር ነው፤ እኛ ሠራተኞቹ ቤልት እንለዋለን። ወረቀት፣ ጠርሙስና ጣሳ እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውል በሚለይበት አንድ የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ በዚህ ቤልት ዳር ሰባት ዓመት ቆሜ ሠርቻለሁ። ከአገራችን ልጆች ብዙዎቹ እዚያው አጠገቤ ቆመው ይሠሩ ነበር። ወላጆቻቸውና ልጆቻቸው ግን የሚላክላቸውን ገንዘብ እንጂ ቤልቱን አያውቁትም። ይህን ጽሑፍ ለእነርሱም ጭምር ነው የምጽፈው።

ከቆራሌው እስከ ቤልቱ

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ ያውቀዋል። ጆንያ የተሸከመ ልጅ በየሰፈሩ እየዞረ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ የሃይላንድ ላስቲኩን ይገዛል። ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠውና በይደው ምድጃ ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ያደርጉታል። ከሻጩ እስከ ቀጥቃጩ ድረስ ዕቃው በሰው እጅ እየተለየ ነው የሚሄደው።

በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን ቤተሰቡ ወረቀቱንም፣ ካርቶኑንም፣ ጠርሙሱንም፣ ጣሳውንም በአንድ በርሜል ይጥለዋል። መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ድርጅቱ ግቢ ሲደርስ እንደ ኮረብታ ይከመራል፤ ሎደር እየዛቀ ቤልቱ ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ለቃሚዎች ግራና ቀኝ ቆመው የማይፈለገውን ያወጣሉ። ቀጥሎ የሚሽከረከሩ ዘንጎች ካርቶኑን ወደ ላይ እየገፉ ይለዩታል። ማግኔት የብረት ጣሳውን ይስባል፤ ሌላ መሣሪያ አሉሚኒየሙን ያስፈነጥራል። በመጨረሻ ሁሉም በየዓይነቱ በመጭመቂያ ማሽን ተጨምቆና ታስሮ ይሸጣል።

መሣሪያው ብዙ ነው። ሆኖም ያለ ሰው እጅ አይሆንም፤ ምክንያቱም ሰዎች በርሜሉ ውስጥ የሚጥሉት የተፈቀደውን ብቻ አይደለም። የሕክምና መርፌ ይመጣል፣ የሕፃን ዳይፐር ይመጣል፣ የሞተ እንስሳም ይመጣል። የሊትየም ባትሪ ሲጨመቅ እሳት ያስነሳል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ረዥምና ተጣጣፊ ነገር ነው፤ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ፌስታል። እነዚህ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ይጠመጠሙና ማሽኑን ያንቁታል። ያነቀውን ለማስለቀቅ ደግሞ የሰው እጅ ወደ ማሽኑ መግባት አለበት። ከባዱ አደጋ የሚጠብቀን እዚህ ላይ ነው።

የሚነክሰው ቦታ

ቤልቱን ከላይ ሲያዩት አያስፈራም። እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሆኖ ዝግ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። አደጋው ያለው ጎማው ሮለሩ ላይ በሚጠቀለልበት ጥግ ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ጎማውና ሮለሩ ተጋግዘው የነካቸውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይስባሉ። በአገራችን የእህል ወፍጮ ቤት የሚያውቅ ሰው የሞተሩ ቀበቶ የነጠላን ጫፍ ከያዘ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ነገሩ አንድ ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሰው አደጋውን አይቶ፣ አእምሮው አዝዞ፣ እጁን እስኪሰበስብ ድረስ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ቢፈጅበት፣ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ቤልት በዚያ ጊዜ 50 ሳንቲ ሜትር ሄዷል። ይህ እኛ አንድ ክንድ የምንለው ልክ ነው፤ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን። እንግዲህ ሰውየው ጮሆ ሳይጨርስ ክርኑ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። «ቀልጣፋ ነኝ፣ ቶሎ እመልሳለሁ» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ያስብ። ቅልጥፍና በዚህ ቦታ አያድንም።

ሰውን የሚያድኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መከለያው ነው፤ ሮለሩን የሚሸፍንና እጅ እንዳይደርስበት የሚያደርግ የብረት ሽፋን ወይም ወንፊት። ሁለተኛው በቤልቱ ጎን የሚዘረጋ የድንገተኛ ማቆሚያ ገመድ ነው፤ ማንም ሰው ሲስበው ማሽኑ ይቆማል። ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ስለ ቁልፉ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአንድ ወንድማችን ነገር

አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። የወሎ ልጅ ነው። በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ ሲሆን ሥራ ከጀመረ አራተኛ ወሩ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለ አደጋ መከላከል በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ቪዲዮ አሳይተው ወረቀት አስፈርመውታል። ያኔ የእንግሊዝኛ ችሎታው ሰላምታ ከመለዋወጥ ብዙም አያልፍም ነበር።

በሌሊቱ ሽፍት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም፣ በቤልቱ ጭራ በኩል ያለው ሮለር ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠመጠመ። ሱፐርቫይዘሩ ቶሎ እንዲያስለቅቀው ነገረው። ቤልቱ እየሄደ ነበር። ልጁ ማሰሪያውን ሲስብ ሮለሩ መጀመሪያ ጓንቱን ያዘው፣ ከዚያ ቀኝ እጁን። አንዲት የላቲን አሜሪካ ሴት ሮጣ ገመዱን ሳበች፤ ቤልቱ ቆመ። ነገር ግን ቤልት ሲቆም የያዘውን አይለቅም። መካኒኮች መጥተው ጎማውን ቆርጠው እስኪያወጡት ድረስ ረዥም ጊዜ ቆየ። አጠገቡ ተንበርክኬ ዱዓ ከማድረግ በቀር የምችለው ነገር አልነበረም። እርሱም እያቃሰተ አብሮኝ ይል ነበር።

ሐኪሞቹ እጁን አተረፉለት፤ ትንሿን ጣቱንና የቀለበት ጣቱን ግን ማትረፍ አልቻሉም። የቀሩት ጣቶችም እንደ ድሮው አይታጠፉም። በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጥቶ ሲመረምር የሮለሩ መከለያ ለጽዳት ተነስቶ ከሳምንት በላይ ሳይመለስ መቅረቱ ታወቀ። ማቆሚያ ገመዱም ለቃሚዎች በሚቆሙበት በኩል ብቻ የተዘረጋ ነበር፤ እርሱ ወደነበረበት ጭራ አይደርስም።

እናቱ አገር ቤት ናቸው። በስልክ ሲነገራቸው ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አላነሱም። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር። «ልጄ ውዱእ እንዴት ያደርጋል? በየትኛው እጁ ይበላል?» አሉ። ሸኻችን ስልኩን ተቀብለው፣ ከአካሉ የጎደለበት ሰው የቀረውን ብቻ እንደሚያጥብ፣ ቀኝ እጁ ያልሠራለት ሰው በግራው ቢበላ ዑዝር ያለው መሆኑን፣ አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ እንደማያስገድድ በእርጋታ አስረዷቸው። እናቲቱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ።

ሰብር ለየትኛው ነው?

በመስጂዳችን ጀመዓው ገንዘብ አሰባሰበ፤ እህቶች ተራ ገብተው ምግብ አደረሱለት። ይህ የሙስሊም ወግ ነው፤ አላህ ይቀበለን። በየጫፉ የሚሰማው ቃል ግን አንድ ነበር። «ቀደር ነው፤ ምን ይደረጋል፤ ሰብር ማድረግ ነው።»

በእርግጥ በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። የደረሰው ሁሉ በአላህ ዕውቀትና ፈቃድ ደርሷል። ነገር ግን ሸኻችን በተከታዩ ጁሙዓ ኹጥባቸው ላይ ያነሱት ነጥብ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሰብር ለደረሰው ነገር ነው አሉ። መከለያው ዛሬም ግድግዳ ተደግፎ ከቆመና ነገ ሌላ ልጅ እዚያ ሮለር ላይ እጁን የሚሰድ ከሆነ፣ ይህን አይቶ ዝም ማለት ሰብር አይባልም፤ ቸልተኝነት ነው አሉ። ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ያለውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ ማዘዛቸውንም አስታወሱን። ቁርኣንም ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ይከለክለናል።

ይህ ነጥብ ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ሸክም የለመደ ሰው አደጋንም እንደ ሥራው አካል አድርጎ ይቀበላል። «ስደት ነው፤ እንጀራ ነው፤ ከተናገርን ያባርሩናል» ይላል። ይህን ፍርሃት አልንቀውም። ወር በገባ ቁጥር ብር የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሰው ፍርሃት ነው። ይሁን እንጂ ያ ቤተሰብ የሚጠብቀው ብሩን ብቻ እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም። የሚጠብቀው ሰውየውን ነው፤ ከነእጁ፣ ከነጤናው።

የጣት ዋጋ

ሸሪዓ ለሰው አካል የሰጠውን ክብር ያህል በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። በዲያ ሕግ የሙሉ ሰው ካሣ 100 ግመል ነው። ለአንድ እጅ የዚህ ግማሽ፣ ለእያንዳንዱ ጣት 10 ግመል ይከፈላል። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት እኩል ናቸው። ይህን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ሁለቱን ጣቶች አመላክተው እንዳስተማሩ በሐዲስ ተዘግቧል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ቀደም ሲል ጣቶችን እንደ ጥቅማቸው እያበላለጡ ይፈርዱ እንደነበርና፣ በዐምር ኢብኑ ሐዝም ቤተሰብ ዘንድ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደብዳቤ ከተገኘ በኋላ ፍርዱ ወደ እኩልነት እንደተመለሰ ሊቃውንት ይተርካሉ።

የዚህ ዘመን ሕጎች በሌላ መንገድ ያሰላሉ። ለምሳሌ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ባወጣው የካሣ ሕግ ሙሉ እጅ የ244 ሳምንት፣ አውራ ጣት የ75 ሳምንት፣ ትንሿ ጣት ደግሞ የ15 ሳምንት ክፍያ ታስቆጥራለች። ክፍለ ግዛቶቹም ለግል ድርጅት ሠራተኞች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ካሣ መኖሩ መልካም ነው፤ ሠራተኛው ሊጠይቀውና ሊቀበለው ይገባል። ነገር ግን ትንሿ ጣት ምን ታደርጋለች የሚል ሰው ያን ወንድማችንን ይጠይቀው። መጥረጊያ ሲይዝ ከእጁ የሚያመልጠው፣ የውኃ ባልዲ ማንሳት የሚያቅተው፣ ተስቢሕ ሲቆጥር በግራ እጁ ጣቶች ካላገዘ ቁጥሩ የሚጎድልበት ለምን እንደሆነ ይነግረዋል።

አላህ የሰጠን አካል አማና ነው። በቂያማ ቀን እጃችን ስለ ሠራነው ትመሰክራለች። እጃችን ላይ የተሠራውም ያለ ጠያቂ ይቀራል ብዬ አላምንም።

ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

ሦስተኛው መከላከያ ቁልፍ ነው ብያለሁ። ሥርዓቱ በእንግሊዝኛው ሎክ አውት ይባላል። ማሽን የሚጠግን፣ የሚያጸዳ ወይም ያነቀውን የሚያስለቅቅ ሰው መጀመሪያ አብረውት ላሉት ያስታውቃል። ማሽኑን ያጠፋል። ከዚያ ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ ይቆርጥና ማብሪያው ላይ የራሱን ቁልፍ ይቆልፍበታል፤ ስሙ ያለበት መለያም ያንጠለጥላል። በማሽኑ ውስጥ ተወጥሮ ወይም ታምቆ የቀረ ኃይል ካለ ያስለቅቃል። በመጨረሻ ማስነሻውን ተጭኖ አለመነሳቱን ያረጋግጣል። ቁልፉ በእርሱ ኪስ ነው። ሁለት ሰዎች ከገቡ ሁለት ቁልፍ፣ አምስት ከገቡ አምስት ቁልፍ ይንጠለጠላል። የመጨረሻው ሰው የራሱን እስኪከፍት ድረስ ማንም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ ሊያስነሳው አይችልም።

የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥርዓት በደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ደንቡን ያወጣው ኦሻ የተባለው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ሥርዓቱ ቢከበር በየዓመቱ ወደ 120 የሚጠጋ ሞትና 50,000 ጉዳት ይከላከላል ብሎ ገምቷል። እንግዲህ ብልሃቱ ከተገኘ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። የጎደለው ብልሃት አይደለም። ቆልፎ፣ አስለቅቆ፣ መልሶ ለመክፈት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ቤልቱ አይሠራም፤ ቤልቱ ካልሠራ ቶን ይቀንሳል። የሰው እጅ የሚገባው በዚህ ስስት ውስጥ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. የሠራተኞች ደኅንነትና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በአሜሪካ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ከ2011 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት 17 የሪሳይክሊንግ ሠራተኞች በሥራ ላይ መሞታቸውን፣ በዚህ ሥራ የተሰማራ ሰው የመጎዳት ዕድሉም ከመካከለኛው ሠራተኛ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ገልጿል። በኤጀንሲ የሚቀጠሩ ጊዜያዊ ሠራተኞች በዚህ ሥራ ብዙ መሆናቸውንና ሥልጠና እንደሚጎድላቸውም አንስቷል።

አደጋው በቤልት ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2016፣ የዒድ አል-ፊጥር ማግሥት፣ በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ በአንድ የብረት ሪሳይክሊንግ ድርጅት በከባድ ብሎክ የተሠራ ግድግዳ ተደርምሶ አምስት ሠራተኞች ሞቱ። በላያቸው የወደቀው ብሎክና ብረት 263 ቶን ነበር። ሟቾቹ ከምዕራብ አፍሪካ የሄዱ፣ በኤጀንሲ የተቀጠሩ የቤተሰብ አባወራዎች ነበሩ። ሁለት ኃላፊዎች በ2023 የእስራት ቅጣት ተፈረደባቸው። በአደጋውና በፍርዱ መካከል ሰባት ዓመት ገደማ አለፈ። ፍርድ ቢመጣም ሟች አይመለስም፤ እንቅፋቱን አስቀድሞ ማንሳት የሚሻለው ለዚህ ነው።

እኛ ምን አደረግን?

ከሸኻችን ኹጥባ በኋላ ጥቂት ሆነን በመስጂዱ ምድር ቤት ተሰበሰብን። የቁልፉን ሥርዓት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በአንድ ገጽ ጻፍነው። ከላቲን አሜሪካ የመጡት ባልደረቦቻችን በስፓኒሽ ጻፉት። በአንድነት ወደ ድርጅቱ ኃላፊ ገብተን ሦስት ነገር ጠየቅን፤ መከለያ ከተነሳ ቤልቱ እንዳይነሳ፣ ማቆሚያ ገመዱ እስከ ጭራው እንዲደርስ፣ ለሚያስለቅቅ ሰው ሁሉ የራሱ ቁልፍ እንዲሰጠው። ተቆጣጣሪውም ይህንኑ አዝዞ ስለነበር ተፈጸመ። ቀይ ቁልፍ በየስማችን ተሰጠን። ሁላችንም አንድ ላይ በመግባታችን ማንም ብቻውን ተለይቶ አልተባረረም። ጀመዓ በሰላት ብቻ ሳይሆን በዚህም ረሕመት ነው።

በዚያ አገር ያሉ ወገኖች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮችን ላንሳ። ኦሻ በ2010 እንዳሳወቀው ሥልጠና መሰጠት ያለበት ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ነው። በኤጀንሲ ለተቀጠረ ሰው ደኅንነት ኤጀንሲውም ድርጅቱም ተጠያቂዎች ናቸው። ከ2015 ጀምሮ ሠራተኛ ጣቱን ወይም ሌላ አካሉን በአደጋ ካጣ ድርጅቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት፤ ሰው ከሞተ በ8 ሰዓት ውስጥ። ስለ ደኅንነት በመናገሩ የተበቀሉት ሠራተኛ በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። ይህ ቀን እንዳያልፍ መጠንቀቅ ነው።

በአገር ቤትስ?

በአገራችንም ይህ ሥራ እያደገ ነው። ላስቲክ የሚፈጩ፣ ወረቀት የሚያድሱ፣ ቁርጥራጭ ብረት የሚያቀልጡ ድርጅቶች አሉ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉን ማን ይረሳዋል? ከሟቾቹ መካከል ከዚያው ክምር ላስቲክና ብረት ለቅመው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ነበሩ። ከክምሩ ወደ ማሽን መሸጋገር እድገት ነው፤ የማሽኑ አደጋ ግን ካልታሰበበት ሌላ ክምር ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የሥራ ቦታው ጉዳት እንዳያደርስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊነት አለበት።

ለሙስሊም ባለሀብት ወንድሞቼ ግን ከአዋጁ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። በእጃችን ሥር ያሉ ሠራተኞች ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ደመወዙን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ያሉን ነቢይ፣ ደሙ ሲፈስ ዝም እንድንል ይፈቅዱልናልን? ለሮለሩ መከለያ ባለመሥራት የተረፈ ብር ትርፍ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዘካ ስናወጣ ያ ብር ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር እያንዳንዳችን ልባችንን እንጠይቅ።

ለእህቶችና ለቤተሰብ

እኛ እህቶች በማሽን አጠገብ ስንሠራ ስለ አለባበሳችን ማሰብ ይኖርብናል። ሒጃብን መተው አያስፈልግም፤ ሰውነትን የሚሸፍን ሆኖ ጫፉ የማይንጠለጠል አጭር ሒጃብ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። ሰፊ እጅጌ በክንድ ላይ ጥብቅ ይደረጋል። ቀሚስ ከሆነ ከማሽኑ የማይደርስ፣ ከሥሩ ሱሪ ያለው ይሁን። ቀለበት፣ አምባርና የአንገት ሐብል ቤት ይቅር። ጓንት ከመርፌና ከስባሪ ጠርሙስ ያድናል፤ ከሮለር ግን አያድንም፤ እንዲያውም አሳልፎ ይሰጣል።

አገር ቤት ያላችሁ ወላጆችና ባለቤቶች ሆይ፤ ስልክ ስትደውሉ «ሥራ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትለፉ። ምን ዓይነት ማሽን አጠገብ እንደሚቆም፣ መከለያ እንዳለው፣ ሲያንቅ ማን እንደሚያስለቅቀው፣ ቁልፍ እንደተሰጠው ጠይቁት። «ቤልቱ ሳይቆም እጅህን እንዳትሰድ፤ ሥራው ቢቀር ይቅር» ብላችሁ ንገሩት። ከእናት አፍ የወጣ እንዲህ ያለ ቃል ከሱፐርቫይዘር ጥድፊያ ይበረታል። ወር ላይ የምትጠብቁት ገንዘብ ቢዘገይም እንደማትቆጡ ይወቅ። ይህን ያወቀ ልጅ «አይ፣ መጀመሪያ ይጥፋ» ለማለት ድፍረት ያገኛል።

ያ ወንድማችን ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ነው። አግብቷል፤ የሴት ልጅ አባት ሆኗል። በግራ እጁ መጻፍ ተምሯል። ለአዲስ መጪዎች በየሦስት ወሩ በመስጂዱ ምድር ቤት የቁልፉን ሥርዓት የሚያስተምረውም እርሱ ነው። ሲያስተምር ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ አይደብቅም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሥራቸው ላይ እያሉ ሕይወታቸው ያለፈውን ይማርልን፤ አካላቸው የጎደለውን በተሻለ ይካስልን፤ ኃላፊነት የተሸከሙትን አማናቸውን የሚጠብቁ ያድርግልን። ለልጆቻችን በሐላል የሚሠሩ ጤነኛ እጆችን ያቆይልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።